አራት ብሎን

ደብዳቤ መጣልኝ ከሞንትራን ሹማምንት፦
«ኦብርሶል ቀርታለች ከዚህ ከአዲስ ዓመት፤
ሰሌዳዋን አንሣ፣ አዲሱን ስቀልበት፤
አራት ብሎን ተልኳል፤ መፍቻ ይዘህ ውጣበት።»

እኔ ፉልበር ጉርዶን፣ የመንገዱ ሠራተኛ፣
ሣር አጫጅ፣ በረዶ ጠራጊ፣ ሰው ሲሞት ደወለኛ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስድሳ ሦስት ሰው አገልግዬ
ለስም ግን ጉድጓድ አልቆፈርኩም፣ የት ይቀበራል ብዬ።

መሰላል ተሸክሜ በላይኛው በር ወረድኩ፤
ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ፣ ከጣሪያው ሥር ቆም አልኩ።
ድንጋዩ ጎድጉዷል፣ የሴቶች ጉልበት በልቶት፤
የሌዮንቲንን ቦታ አውቀዋለሁ፣ ከዳር፣ ከምንጩ ፊት።
ዛሬ የሚያጥብ የለም፤ ውሃው ግን ሥራ አልፈታ፣
ቅጠል ያጥባል ሲነጋ፣ ሰማይ ያጥባል ማታ።

የጋራው ምድጃ ቀጥሎ፤ አፉ ጥቁር፣ ሆዱ ባዶ፤
በዓመት አንዴ ይሞቃል፣ ከእንጨት ይልቅ ወሬ ማግዶ።
የእሳት አደጋ ፓምፓዋ፣ የነሐስ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣
አንድም እሳት አላጠፋች፣ እኔ እስከምሰማ፤
ግን እወለውላታለሁ፤ ሆዷ ላይ ፊቴ ይታያል፣
ጉንጬ ሰፍቶ፣ ጆሮዬ ረዝሞ፤ ሹም የሆንኩ ይመስላል።

ደወሏ ኤውዶክሲ ትባላለች፤ ክርስትና አንሥተው፣
ለመድፍ እንዳትቀልጥ በጦርነት ጊዜ ፍግ ውስጥ ቀብረው
አራት ክረምት አቆዩአት። ዛሬም ደመናው ሲጠቁር
ድምጿ በሬ በሬ ይሸታል፤ ገመዱን የምስበው እኔ ነኝ፣ ልመስክር።

ከሐውልቱ ላይ ዘጠኝ ስም፤ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች።
ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የእነዚህ ወጣቶች
መቃብር አልተገኘም። ስም ብቻ። በላይም፣ በታችም።
«ለኦብርሶል ልጆች» ይላል። ያንን ንቀል አላሉኝም።

ማዘጋጃው ተቆልፏል። ኦዲል ፕላንሶን፣ ጸሐፊዋ፣
መዝገቡን በሙዝ ካርቶን አድርጋ ጫነችው ከመኪናዋ።
የመጨረሻው የልደት ገጽ ላይ የእኔ ስም ነው የተጻፈው፤
ከእኔ በኋላ የመጣ ሕፃን ሁሉ ሞንትራን ሆስፒታል ነው።
አራት ለሦስት አለፈ፤ ማን እጅ እንዳወጣ አውቃለሁ፤
የዳቦው መኪና ሲመጣ ከአጠገባቸው እቆማለሁ።
ስለ ዝናብ እናወራለን።

ሰሌዳው ጋ ደረስኩ። ሦስቱ ብሎን በዘይት ለቀቀ፤
አራተኛው እምቢ አለ፣ ዝጎ፣ ከብረቱ ተጣበቀ።
በመዶሻ መታሁት። ከጀርባው፣ ከቆርቆሮው ሥር
ሌላ ሰሌዳ ብቅ አለ፤ ሰማያዊ፣ የተቦረቦረ ዳር።
«ሻርቬል» ይላል።
ሻርቬል?

ኤርሚን ቫሽሮ ከመስኮቷ ስታየኝ ቆይታለች፤
ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፤ ስትናገር አትቸኩልም እሷ ግን፤ አለች፦
«አገኘኸው? ያው እዚያው ነዋ የነበረው።
አያቴ የሻርቬል ሰው ነች። ኦብርሶል ነው የዋጠው፣
አምስት ጭስ፣ አንድ ወፍጮ ነበር። አያቴ ግን እስክትሞት
‹ኦብርሶል ደርሼ ልምጣ› ትል ነበር፣ ድልድዩን ስትሻገር ለወተት።
ያኔ ማን አለቀሰ?»
መስኮቷን ዘጋች። በርዶ ነበር።

መልስ አልነበረኝም። ከብርዱ ይሁን ከነገሩ
ጣቶቼ መፍቻውን እምቢ ብለው ደርቀው ቀሩ።
ቆየሁ። ከዚያ ሻርቬልን ካለችበት፣ ኦብርሶልን በላይዋ፣
ሞንትራንን ከሁሉ ፊት፣ ከነነጩ ቀለሟ፣ ከነዝናዋ
ደረደርኩ። የተላከው ብሎን ለአንድ ነው፤ ለሦስት
አጠረ።
ረጃጅም አመጣሁ፣ የአባቴን፣ ከበረት።

በቅጹ ላይ፣ «አሮጌው ሰሌዳ» በሚለው ክፍት ቦታ፣
«ሲነቀል ተሰብሯል» ብዬ ፈረምኩ፣ በዚያው ማታ።

የሸለቆው ነፋስ ሲነሣ የሌላው መንደር ሰሌዳ ይንኳኳል።
የእኛ ወፍራም ነው።